የመጀመሪያ ልጃችን በጥር ይወለዳል፤ በስጦታ ዝርዝሩ ላይ ምን እናስፍር?

ጥያቄው፦

«እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ 26ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፤ ቀኔ ለጥምቀት ሰሞን ነው። ጓደኞቼ ቤቢ ሻወር (ከመውለድ በፊት የሚደረግ የስጦታ ድግስ) ሊያዘጋጁልኝ ተነሥተው ‹ሬጂስትሪሽን›፣ ማለትም መደብር ላይ የሚከፈተውን የስጦታ ዝርዝርሽን፣ ‹ላኪልን› ይሉኛል። የመደብሩን ዝግጁ ዝርዝር ብከፍተው ከመቶ በላይ ዕቃ ተደርድሮበታል፤ የትኛው የግድ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ትርፍ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ባለቤቴ ‹ሰውን ይህን ግዛልኝ ማለት ልመና ነው› ይላል። ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ የምትመጣው እናቴ ደግሞ ‹ልጅ ሳይወለድ ዕቃ አይገዛም› ብላናለች። ከየት እንጀምር?»

ምላሽ፦

ውድ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ፈጣሪ በሰላም ያገላግልሽ። ጉዳዩ የሁለታችሁም ስለሆነ ከዚህ በታች «እናንተ» እያልኩ እጽፋለሁ። በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በእናቶችና በአራስ ሕፃናት ክፍል ለአሥራ አራት ዓመታት በነርስነት አገልግያለሁ፤ የልጆች የመኪና ወንበር በትክክል መገጠሙን ለመፈተሽ የሚያስችል የሙያ ምስክር ወረቀትም አለኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር በአብዛኛው ወላጆች ልጃቸውን ታቅፈው ከክፍላችን ሲወጡ ካየሁት፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ደውለው ምክር ሲጠይቁኝ ከሰማሁት የተቀዳ ነው።

በዚያ መቶ ዕቃ በተደረደረበት ዝርዝር ውስጥ የልጃችሁን ሕይወት በቀጥታ የሚነኩት ሁለት ናቸው፤ በመኪና የሚሄድበት ወንበርና የሚተኛበት ቦታ። እነዚህን ሁለቱን ራሳችሁ አጥንታችሁ፣ ሞዴላቸውን ለይታችሁ ምረጡ፤ ለማንም ሰው ምርጫ አትተዉአቸው። የቀረው ሁሉ ወይ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ወይ ቆይቶ ቢገዛ የሚደርስ ነው፣ ወይም ጭራሽ ባይኖር ልጁ ምንም የማይጎድልበት ነው። የእኔም ምላሽ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ረዘም ብሎ፣ በሌሎቹ ላይ ፈጠን ብሎ ይሄዳል።

በባለቤትሽ ንግግር ውስጥ ያለውን ጨዋነት አከብራለሁ። እኛ ዘንድ ጠያቂው አቅሙ የፈቀደውን ይዞ አራስ ቤት ይገባል እንጂ አራሷ «ይህን አምጡልኝ» ብላ አታዝዝም። ሆኖም ወደ ሻወሩ የሚመጡት ወዳጆቻችሁ ዝርዝር ኖረም አልኖረም ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ዝርዝር ያልነበረበትን ቤት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አምስት ለስላሳ ብርድ ልብስ፣ ልጁ ሳይለብሰው የሚጠበው ሃያና ሠላሳ ልብስ፣ ሁለት የመታጠቢያ ገንዳ ተከምሮ አንድ የሙቀት መለኪያ አይገኝም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለእናንተ ለብቻችሁ የሚከብደው የ200 ዶላር ወንበር ለአሥር የሥራ ባልደረቦች ሃያ ሃያ ዶላር ነው፤ የዛሬዎቹ ሬጂስትሪዎችም ብዙ ሰው በአንድ ዕቃ ላይ በጋራ እንዲያዋጣ ይፈቅዳሉ። ባለቤትሽን የሚያስከፋው ሊንኩን በጥሪው ካርድ ላይ ማተም ከሆነ አታትሙት። ድግሱን የምታዘጋጀው ጓደኛሽ ትያዘውና «ምን እናምጣ?» ብሎ ለጠየቃት ሰው ብቻ ትላክለት። እንዲህ ሲሆን ሰው ሲጠይቅ መመለስ ነው እንጂ ልመና አይሆንም።

የእናትሽንም ቃል እንዲሁ አትለፉት። ብዙ እናቶቻችን ሳይወለድ ዕቃ ማዘጋጀትን የሚፈሩት በዘመናቸው ያዩት ኀዘን ስላለ ነው፤ እኔም በሥራዬ ባዶ አልጋ ወደሚጠብቃቸው ቤት የተመለሱ ወላጆችን ሸኝቻለሁና ፍርሃቱን እረዳለሁ። ደግነቱ፣ ዝርዝር ማዘጋጀት ቤቱን በዕቃ መሙላት ማለት አይደለም። ከመውለዳችሁ በፊት በእርግጥ ቤት መግባት ያለበት የመኪናው ወንበር፣ የመኝታው አልጋ፣ ጥቂት ልብስና አንድ ሁለት ጥቅል ዳይፐር ብቻ ነው። ሌላውን አዘጋጇ ጓደኛሽ ቤቷ ልታስቀምጠው ትችላለች፤ ወይም ከወለድሽ በኋላ እንዲገዛ በዝርዝሩ ላይ ይቆያል። እናትሽን በዚህ መንገድ ብታስረዷት የምትስማማ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መኪናው ወንበር ልመለስ። አንድ የጥር ጠዋት ከአእምሮዬ አይጠፋም። ባልና ሚስት ልጃቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ወንበሩ ገና ከነሳጥኑ ነበር፤ አባትየው በሆስፒታሉ መግቢያ ተንበርክኮ መመሪያውን ያገላብጣል፣ እናትየው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ ሕፃኗ ደግሞ በስጦታ የመጣላትን እንደ ፍራሽ የወፈረ የበረዶ ካፖርት ለብሳለች። ወንበሩን አወጣንና በካፖርቷ እንዳለች ቀበቶውን አሰርን፤ የጠበቀ ይመስላል። ከዚያ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ካፖርቱን አወለቅኩና ቀበቶውን ሳልነካው እንደነበረ መልሼ ቆለፍኩት፤ በደረቷና በቀበቶው መካከል አራቱም ጣቶቼ ገቡ። አባትየው ዝም ብሎ እጄን ያይ ነበር። በግጭት ጊዜ ካፖርቱ በአንድ አፍታ ይታመቅና ያ አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ልጁን ከወንበሩ ያወጣዋል። ስለዚህ ወፍራም ካፖርት በዝርዝራችሁ ላይ አይኑር፤ በብርድ ወቅት ልጁ ስስ ስስ ልብስ ተደራርቦለት ይታሰራል፣ ብርድ ልብሱ ከታሰረ በኋላ ከላይ ይደረብለታል።

በዚህ አገር የሚሸጥ የልጅ መኪና ወንበር ሁሉ፣ ከመቶ ዶላር በታች ያለውም ከአራት መቶ በላይ የሚጠየቅበትም፣ አንድ ዓይነት የፌዴራል የደኅንነት መለኪያ ማለትም ቁጥር 213ን ማሟላት አለበት። ውድነቱ የጨርቁን ልስላሴና የአገጣጠሙን ቅለት ይጨምራል፤ ርካሹ ግን ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ ነው ማለት አይደለም። ትክክለኛው ወንበር ለልጁ ክብደት የሚሆን፣ በእናንተ መኪና ላይ ጥብቅ ብሎ የሚቀመጥ፣ እናንተም ዕለት ዕለት ሳትሳሳቱ ማሰር የምትችሉት ነው። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት መደብር ሄዳችሁ የማሳያውን ወንበር በመኪናችሁ ላይ ለመሞከር ፈቃድ ጠይቁ። በትክክል የተገጠመ ወንበር ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ይዛችሁ ስትነቀንቁት ወደ ግራና ቀኝ ከአንድ ኢንች በላይ መንቀሳቀስ የለበትም።

ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው እጀታ ያለውና ከነልጁ ተነቅሎ የሚወጣው የጨቅላ ወንበር ነው፤ አብዛኞቹ እስከ 30 ወይም 35 ፓውንድ ይይዛሉ፣ ልጆች ግን ብዙ ጊዜ ክብደቱን ሳይሞሉት በቁመት ይበልጡታል። ሁለተኛው ከመኪናው የማይነሣው፣ መጀመሪያ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አድርጎ፣ ልጁ ሲያድግ ደግሞ ወደ ፊት ዞሮ ለዓመታት የሚያገለግለው ነው። ገንዘብ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ከአራት ወይም ከአምስት ፓውንድ ጀምሮ የሚይዘውን ሁለተኛውን ዓይነት መግዛት ይቻላል። ለእናንተ ግን፣ በብርዱ ወቅት ከመኪና ማቆሚያ እስከ አፓርታማው ልጁን ሳትፈቱት ማግባት ስለሚጠቅማችሁ፣ የጨቅላውን ወንበር በጋራ መዋጮ እንዲገዛ ብታደርጉና ትልቁን ለመጪው ዓመት ብትተዉት እመርጣለሁ። በሜሪላንድ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ የወንበሩን የክብደት ወይም የቁመት ወሰን ካላለፈ በስተቀር፣ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ መሄድ በሕግ ግዴታ ነው፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ምክር ደግሞ ከሁለት ዓመትም በኋላ ወንበሩ እስከሚፈቅደው ድረስ እንዲሁ እንዲቆይ ነው።

ሦስት ነገሮችን በዝርዝሩ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። የመጀመሪያው፣ ያገለገለ ወንበር ከማታውቁት ሰው አትቀበሉ፤ ወንበር ግጭት ውስጥ ገብቶ ከሆነ በዓይን ሳይታይ ሊጎዳ ይችላል፣ የማብቂያ ቀንም አለው፤ ቀኑ ከወንበሩ ሥር ወይም ጎን ላይ ታትሟል። ሁለተኛው፣ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ወንበር እንዳያመጣላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ እዚያ የሚሸጠው በሌላ መለኪያ የተሠራ ስለሆነ የዚህን አገር የፌዴራል መለኪያ ምልክት የማይዝ ወንበር እዚህ መጠቀም አይቻልም። ሦስተኛው፣ ከወንበሩ ጋር ያልመጣ የራስ ድጋፍ፣ የቀበቶ ሽፋንና ከልጁ ሥር የሚነጠፍ ጨርቅ ለብቻው ተገዝቶ አይጨመር። ወንበሩ እንደደረሳችሁም በውስጡ ያለውን የምዝገባ ካርድ በራሳችሁ ስምና አድራሻ ሞልታችሁ ላኩ፤ ወንበሩ ጉድለት ተገኝቶበት ለጥገና ወይም ለለውጥ ቢጠራ አምራቹ የሚያገኘው የገዛውን ጓደኛችሁን ሳይሆን እናንተን መሆን አለበት።

ስለ መኝታው ደግሞ ከአገራችን ልማድ ጋር የሚጋጭ ነገር መናገሬ ስለማይቀር ልብ ብላችሁ አንብቡኝ። በዩናይትድ ስቴትስ በየዓመቱ 3,500 ገደማ ሕፃናት በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት ይሞታሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል ከትራስ፣ ከብርድ ልብስ፣ ከሶፋና ከትልቅ ሰው አልጋ ጋር የተያያዘ ነው። የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 ያደሰው መመሪያ፣ ሕፃን ሁልጊዜ በጀርባው፣ ጠንካራና ደልዳላ በሆነ ፍራሽ ላይ፣ ለብቻው፣ ነገር ግን ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ቢቻል ቢያንስ ለስድስት ወር እንዲተኛ ይመክራል። ከሚወጠረው አንሶላ በቀር አልጋው ውስጥ ምንም ነገር አይኑር። ይህ ማለት በመደብሮቹ ፎቶ ላይ የሚታየው ባለ ትራስ፣ ባለ አሻንጉሊትና ባለ ጥልፍ ብርድ ልብስ አልጋ ቤታችሁ ልትደግሙት የማይገባ ሥዕል ነው።

ለባለ አንድ መኝታ አፓርታማ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ክሪብ የሚባለውን ትልቁን የእንጨት የሕፃን አልጋ አሁን አትዘርዝሩት፤ ከላይ ለጨቅላ የሚሆን መተኛ ያለውን፣ ሲያድግ ደግሞ የታችኛው ወለል የሚያገለግለውን ተጣጣፊ የሕፃን አልጋ ምረጡ። በሕግ ለመኝታ የተፈቀደ ነው፣ ከእናንተ አልጋ ጎን እጃችሁ በሚደርስበት ርቀት ይቆማል፣ ዋጋውም ከክሪብ ያነሰ ነው። የላይኛው መተኛ ልጁ መገልበጥ ሲጀምር ወይም በእጁና በጉልበቱ ሲነሣ ይነሣል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይኑራችሁ፤ አብሮት የመጣው ፍራሽ ስስ ነው ብላችሁ ሌላ ፍራሽ አትደርቡበት፣ በጎኑ የሚፈጠረው ክፍተት ልጁን ይይዘዋል። ዘመድ ያገለገለ ክሪብ እሰጣለሁ ካለም ከጁን 2011 በፊት የተሠራ እንዳይሆን ጠይቁ፤ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተተው ዓይነት ከዚያ ወዲህ እንዳይሸጥ ታግዷል።

ልጁ በምን ይሙቅ ትሉኝ ይሆናል፤ እናቶቻችንም በመጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። አንዲት አያት ሌሊት ሌሊት ጋቢ አራት አጥፈው ከልጁ ሥርና ላይ ያደርጉ ነበር፤ ልጃቸው ደውላ «እንዴት ብዬ ልንገራቸው?» አለችኝ። ለአያቲቱ በስልክ ያስረዳኋቸው፣ ጋቢው ለእናቲቱ ትከሻ እንዲሆን፣ ለልጁ ግን ራሱ የሚለበስ፣ ዚፕ ያለው የመኝታ ከረጢት እንዲለበስለት ነው፤ እሳቸውም አንድ ቀን ካዩት በኋላ ራሳቸው ያለብሱት ጀመር። ስሊፕ ሳክ የሚባለውን ይህን ከረጢት ሁለት ወይም ሦስት በዝርዝሩ ላይ አስፍሩ፤ ክብደት የተሰፋበትን ዓይነት ግን ተዉት። ከልክ በላይ ማሞቅም አደጋ ነው፤ ለእናንተ ከሚመቻችሁ ልብስ አንድ ድርብ ብቻ መጨመር ይበቃል።

ከመኝታው ጋር ተያይዞ በዝርዝራችሁ ላይ ፈጽሞ መግባት የሌለባቸውን ልጥቀስ። በአልጋው ዙሪያ የሚታሰረው ለስላሳ መከላከያና ከ10 ዲግሪ በላይ የሚያዘነብለው መተኛ በ2022 በወጣው የፌዴራል ሕግ ተከልክለዋል፤ ሰው ግን ሳያውቅ ያገለገለውን ሊሰጣችሁ ይችላል። መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ጠርዙ የሚያብጠው ትራስ መሰል ማስተኛም ለእንቅልፍ አይሆንም። በካልሲ መልክ እግር ላይ ታስሮ ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፤ ሐኪም ለተለየ ሕመም ካላዘዘው በቀር ድንገተኛ ሞትን እንደሚከላከል ስላልታየ፣ በእሱ ተማምኖ ሌላውን ጥንቃቄ ማላላት ያመጣል ብዬ እሰጋለሁ። በመኪናው ወንበር ውስጥ እንቅልፍ የወሰደው ልጅም ቤት ሲደርስ ተፈትቶ ወደ አልጋው ይዛወር፤ አገጩ ደረቱ ላይ ሲወድቅ የመተንፈሻ ቱቦው ይጠብባል።

የሚበላው ነገር ላይ ዝርዝራችሁ አጭር ይሁን። የጡት ወተት ማለቢያ ፓምፕ አትጻፉ፤ ከ2012 ጀምሮ አብዛኛው የጤና ኢንሹራንስ ፓምፕን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሸፍን በሕግ ይገደዳል። ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውላችሁ የትኛውን ሞዴልና በየትኛው አቅራቢ በኩል እንደሚሸፍን ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ የሐኪም ማዘዣ ብቻ ነው የሚፈልገው። ወደ ሥራ ስትመለሺም አብዛኛው አሠሪ ለአንድ ዓመት ያህል የማለቢያ ጊዜና ከመጸዳጃ ቤት ሌላ የተሸፈነ ቦታ መስጠት እንዳለበት እወቂ። ጡጦ ሁለት ወይም ሦስት ትናንሾች ይበቃሉ፤ ልጁ አንዱን ዓይነት እንቢ ብሎ ሌላውን ሊወድ ስለሚችል አሥራ ሁለት ጡጦ ያለው ስብስብ አትጠይቁ። የጡጦ መቀቀያ ማሽንም ቅንጦት ነው፤ ቤት ያለ ድስት ላይ አምስት ደቂቃ ማፍላት ያንኑ ይሠራል። ፎርሙላ (የሕፃን የዱቄት ወተት) ቀድማችሁ አታከማቹ። ገቢያችሁ መመዘኛውን የሚያሟላ ከሆነ ግን ዊክ የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ከእርግዝና ጀምሮ ለእናቲቱ ምግብና የጡት ማጥባት ድጋፍ፣ ሲያስፈልግም ለልጁ ፎርሙላ ስለሚሰጥ ዛሬውኑ ጠይቁ።

አንድ የሚረሳ ትንሽ ነገር አለ፤ የቫይታሚን ዲ ጠብታ። አገር ቤት ሕፃን በማለዳ ፀሐይ ይሞቃል፤ በጥር የዋሽንግተን ብርድ ውስጥ ግን ይህ አይታሰብም። ጡት የሚጠባ ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በቀን 400 ዩኒት እንዲወስድ ይመከራል፤ መጠኑን ከሕፃናት ሐኪማችሁ ጋር አረጋግጡ። በዚያው እናትሽ ቅቤ ማስዋጥ ወይም የአብሽ ውኃ ማቅመስ ብታስብ፣ ልጁ እስከ ስድስት ወር ከወተትና ከዚህ ጠብታ በቀር ምንም፣ ውኃም ቢሆን እንደማይቀምስ፣ ማር ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ፈጽሞ እንደማይሰጥ በጊዜ ንገሯት። ቅቤውና አብሹ ለአራሷ ገንፎ ይሁን።

ዳይፐር ሁሉም ሰው ሊያመጣው የሚችል፣ ዋጋው ለማንም የማይከብድ ስጦታ ነው። ጨቅላ በቀን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ይቀየርለታል፤ በአማካይ አሥር ብትሉ በወር ሦስት መቶ መሆኑ ነው። ስሕተቱ ሁሉንም በጨቅላ መጠን ማስገዛት ነው። ያ መጠን እስከ አሥር ፓውንድ ገደማ ብቻ ስለሚያገለግልና አንዳንዱ ልጅ ከዘጠኝ ፓውንድ በላይ ሆኖ ስለሚወለድ፣ አንድ ወይም ሁለት ጥቅል ብቻ በዚህ መጠን፣ የቀረውን በአንድና በሁለት ቁጥር አስፍሩ። ልብስን አትዘርዝሩት፤ ባትጠይቁም በብዛት ይመጣል። የግድ መጻፍ ካማራችሁ ከፊት ዚፕ ያላቸውን ስድስት ያህል ከዜሮ እስከ ሦስት ወር በሚለው መጠን ጻፉ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁልፍ መቆለፍ ምን ያህል እንደሚያስመርር ትደርሱበታላችሁ።

ከመድኃኒት መደርደሪያው በኩል የሚያስፈልጋችሁ አንድ ዲጂታል የሙቀት መለኪያ ነው፤ በመቀመጫ በኩል የሚለካው ቀላሉ ዓይነት ከግንባር ከሚለካው ውዱ ይልቅ ለጨቅላ የሚታመን ነው። ከሦስት ወር በታች ያለ ልጅ 100.4 ፋራናይት፣ ማለትም 38 ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ለሐኪም ይደወላል። የትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ማስታገሻ ሽሮፕ፣ የድድ ማደንዘዣ ቅባት፣ ለጥርስ ማብቀያ የሚባል የአንገት ዶቃ አይዘርዘሩ።

ልጅ ማዘያ አንድ ጥሩ ቢኖራችሁ እጃችሁን ነፃ ያደርጋል። የምታምር አንቀልባ ከአገር ቤት ቢመጣላችሁም በደስታ ተቀበሏት፤ ነገር ግን በጀርባ መታዘል አንገቱን ለሚያጸና ልጅ ነው። ለጨቅላው በደረት ላይ የሚታሰረውን ምረጡ፤ ፊቱ ዘወትር ይታያችሁ፣ አገጩም ደረቱ ላይ አይጫን። ስትሮለር፣ ማለትም የሚገፋው የልጅ ጋሪ፣ የመኪናውን ወንበር የሚቀበል ቢሆን ይመቻል፤ የአፓርታማችሁን ደረጃና የመኪናችሁን የኋላ ዕቃ መጫኛ ሳትለኩ ግን አትምረጡ። አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ልጅ ቆሞ የሚንከባለልበት ባለ ጎማ መሄጃ የሚያመጣ ሰው ካለ በምስጋና ተቀብላችሁ መልሱት። ልጁን ቶሎ አያስኬድም፤ ከደረጃ ላይ ጥሎ ራሱን የሚያስመታ ስለሆነ ካናዳ ከ2004 ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች።

ዝርዝሩን የት እንክፈት ለሚለው፣ ታርጌትና አማዞን በብዛት ይታወቃሉ፤ ቤቢሊስት ደግሞ ከየትኛውም መደብር ዕቃ ለመጨመርና የገንዘብ መዋጮ ለመቀበል ያስችላል። አንድ ዋና ዝርዝር ብቻ ይኑራችሁ፤ ሁለትና ሦስት ቦታ ሲሆን አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይገዛል። ከሠላሳ እስከ አርባ ዕቃ ይበቃል፤ ግማሹ ከሠላሳ ዶላር በታች ይሁን፣ ተማሪውም ጡረተኛውም ሳይሳቀቅ የሚመርጠው እንዲያገኝ። ስማችሁን የሚፈልግ ማንም ሰው ዝርዝሩን እንዳያገኘው፣ ሊንኩ የደረሰው ብቻ እንዲያየው አድርጋችሁ ቅንብሩን አስተካክሉ፤ የመውለጃ ቀናችሁና አድራሻችሁ የሚታወቅበት ነገር ነውና። የመውለጃው ቀን ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ብዙዎቹ መደብሮች ላልተገዛው ዕቃ የማጠናቀቂያ ቅናሽ፣ በተለምዶ 15 በመቶ፣ ይሰጣሉ፤ ከሬጂስትሪ የተገዛ ዕቃን የመመለሻው ጊዜም አንዳንድ ቦታ እስከ አንድ ዓመት ይረዝማል፤ የመረጣችሁትን መደብር ደንብ አንብቡ። ሜሪላንድ ከጁላይ 2022 ጀምሮ ዳይፐርን፣ ጡጦንና የሕፃን የመኪና ወንበርን ከሽያጭ ታክስ ነፃ ማድረጓንም አስታውሱ፤ ቨርጂኒያ ያሉ ወዳጆቻችሁ ወደ እናንተ ሲመጡ እግረ መንገዳቸውን ሊገዙ ይችላሉ።

ከዕቃው ሁሉ በላይ የምመኝላችሁን ስጦታ መደብር አይሸጠውም። አራስ ቤትን የሚያቆመው ሰው ነው። እናትሽ ቪዛው ቢዘገይባት እንኳ ቤቱ እንዳይጎድል፣ «የሚያስፈልግሽ ካለ ንገሪኝ» ለሚሉሽ ሁሉ ቀን የተጻፈበት ቦታ አዘጋጁላቸው፤ ማክሰኞ አጥሚት፣ ዓርብ ገንፎ፣ እሑድ ልብስ ማጠብ፣ አንዱ ደግሞ ለመጀመሪያው የሐኪም ቀጠሮ በመኪናው ማድረስ። ይህን በዚያው ዝርዝር ላይ እንደ አንድ ዕቃ ማስፈር ይቻላል፤ ስልክ እንጂ ኢንተርኔት ለማይጠቀሙት እናቶች ደግሞ አዘጋጇ ጓደኛሽ ትደውልላቸው። እናቶቻችን «ምን ልግዛ?» ከሚለው ይልቅ «መቼ ልምጣ?» የሚለውን መመለስ ይቀናቸዋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ዝርዝሩን በዚህ በጥቅምት ጨርሱ። ሻወሩ ጾመ ነቢያት ከሚገባበት ከኅዳር 15 በፊት ቢሆን ለድግሱም ለእንግዶቹም ይመቻል፤ ያን ጊዜ 31 ሳምንት ገደማ ይሆንሻል፣ ወገብሽም ገና መቀመጥን ይችላል። ከሻወሩ በኋላ የጎደለውን በማጠናቀቂያው ቅናሽና በኖቬምበር መጨረሻው ታላቅ ቅናሽ ግዙ። በ34ኛው ሳምንት የመኪናውን ወንበር ከሳጥኑ አውጡትና መመሪያውን ከመኪናችሁ መመሪያ ጋር እያስተያያችሁ ግጠሙት፤ ከዚያም ለፍተሻ ቀጠሮ ያዙ። የሚፈተሽበትን ቦታ በብሔራዊው የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ታገኙታላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ በእሳት አደጋ ጣቢያ ወይም በፖሊስ ጣቢያ ነው፣ ክፍያም አይጠየቅበትም። እናትሽ በዚያ ሰዓት ደርሳ ከሆነ አብራችሁ ትምጣ፤ በአሻንጉሊት ላይ ቀበቶውን እንድታስር፣ የደረቱን መቆለፊያ ከብብት ትክክል እንድታደርግ፣ ትከሻው ላይ ያለውን ቀበቶ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ መታጠፍ አለመታጠፉን እንድታይ ባለሙያው ያለማምዳታል።